የኮከብ ጾም

«ልጂቱስ ትጠመቅ ይሆናል። ወተቱ ነው የማይጠመቀው።»

አሰጋሽ ይህን ቃል የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። የተናገረችው የባሏ ታላቅ እኅት ያለምወርቅ ናት። የተነገረው ደግሞ ሙዘይን ለሚባለው ሱዳናዊ ውኃ ሻጭ ነው፤ አህያውንና በርሜሉን ከግቢው በር ላይ አቁሞ ለሚቀዳው፣ ከአማርኛ አንዲት ቃል ለማያውቀው ሰው። የያለምወርቅ ነገር እንዲህ ነው፤ ለሚመለከተው ሰው ያላትን ለማይመለከተው ትነግራለች፤ የሚመለከተው ግን እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ሙዘይን ልማዱ ነውና፣ እሺ እሺ እንደ ማለት፣ «አይዋ፣ አይዋ» እያለ ቆርቆሮውን ሞላ። ከሁለት ቀን በፊት ዝናብ ስለ ጣለ የአንድ ቆርቆሮ ውኃ ከስልሳ ቅርሽ ወደ አርባ ወርዷል። ያለምወርቅ ቢሆንም ተከራከረች፤ ሰማዩን እያሳየች፣ ጭቃውን በእግሯ እየመታች፣ ከላይ በነጻ የሚወርድ ነገር እንዴት አርባ ያወጣል ብላ። አንዱ ቆርቆሮ ለቤት ነው። ሁለተኛውን ሙዘይን በጋሪው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል፤ የአሰጋሽ ሕፃን ኮከብ የምትጠመቀው በእርሱ ነው።

ግቢው ሁለት የጭቃ ቤት አለው። በአንደኛው አሰጋሽና ባሏ አንዳርጌ ከያለምወርቅ ጋር፣ በሌላው ከመተማ የመጣው ባለ ሱቁ ጀማሉ ከሚስቱ ከራሒማና ከሁለት ዓመት ልጁ ከያዕቁብ ጋር ይኖራሉ። በሰኔ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው የለም፤ የገመድ አልጋዎቹ ወጥተው ግቢው ላይ ያድራሉ፤ የክርስቲያኖቹ በምሥራቅ፣ የእስላሞቹ በምዕራብ፣ በመካከላቸው የውኃው ጋን። እንዲህ ብሎ ያደላደላቸው ማን እንደ ሆነ የሚያስታውስ የለም። ድንበሩን የማያውቀው ያዕቁብ ብቻ ነው፤ ሌሊት ይነሣና ያገኘው አልጋ ላይ ይወጣል፤ ሲነጋ ከያለምወርቅ ብብት ሥር ተሸጉጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ያለምወርቅ ለሙዘይን የምትናገረው ነገር ታጣለች።

ወተቱ የራሒማ ነው። የአሰጋሽ ጡት የደረቀው ኮከብ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን ማልዋ በሚሉት ስፍር አንዱ ማሽላ አምስት የሱዳን ጂነይ ገብቶ፣ አንዳርጌ ጆንያ የሚሸከምበት መጋዘን የሚያሸክመው ጆንያ አጥቶ ነበር። ራሒማ ያዕቁብን ጡት ልታስጥል ቀን ቆርጣ፣ ጡቷን የምትቀባው ሬት ገዝታ ነበር። የኮከብን ልቅሶ ሦስት ሌሊት ሰማች። በአራተኛው ተነሥታ የውኃውን ጋን አልፋ መጣች፤ ልጂቱን ከእናቷ ክንድ ወሰደች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሬቱ እስከ ዛሬ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አለ።

ረመዳን ሲገባ ጀማሉ ተጨነቀ። ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው፤ ሚዛን ሲያነሣ እንኳ ቢስሚላሂ ሳይል አያነሣም። የምታጠባ ሴት ጾሟን መፍታት እንደምትችል ያውቃል፤ ግን ለክርስቲያን ልጅ? መስጊድ ሄዶ ሸኹን ጠየቀ። ሸኹ ስንት ጊዜ እንደ ጠባች ብቻ ጠየቁት። ከአምስት ጊዜ በላይ መሆኑን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ ልጅህ ናት። ሚስትህ ልጅህን ታብላልህ፤ ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀማሉ ኮከብን በዐረብኛ «ቢንቲ» ይላታል፤ ልጄ ማለቱ ነው። ሕግ ከሆነ ሕግ ነው ብሎም ለአንዳርጌ በቁም ነገር አስታወቀው።

«አንዳርጌ፣ ካሁን ወዲያ ያዕቁብና ኮከብ አይጋቡም። በኛ ሕግ የጡት ወንድምና እኅት ናቸው።»

«እኛስ መቼ ልንሰጥህ ነበር?»

«ባትሰጠኝም ነው። እኔ በበኩሌ ከልክያለሁ።»

አንዳርጌ ከአልጋው እስኪወድቅ ሳቀ። ጀማሉም ቆይቶ ሳቀ። ያለምወርቅ አልሳቀችም።

ዛሬ የኮከብ ሰማንያኛ ቀን ነው። ነገ ማለዳ ቄሱ አባ ወልደ ማርያም በጭነት መኪና ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ይሄዳሉ፤ እዚያ ቄስ የሚሹ ሕያዋንም ሙታንም ብዙ ናቸውና መመለሻቸው አይታወቅም። አሰጋሽና ያለምወርቅ ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱም የማያነሡት ነገር አለ። ከኮከብ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። ከአገር ተሰደው ሲመጡ፣ ዶካ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ፣ በሠላሳ አራተኛው ቀኑ ሞተ፤ ለክርስትናው ስድስት ቀን ሲቀረው። ጉድጓዱን የቆፈረችው ያለምወርቅ ናት፣ በእጇና በአንድ የቆርቆሮ ክዳን። ፍትሐት አልነበረም፤ የሚጠራበት ስምም አልነበረም። አሰጋሽ ኮከብን ከወለደች ጀምሮ ሌላ ሥራ የላትም፤ ቀን ትቆጥራለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሒማን ለብቻዋ ጠርታ ነግራታለች። ሕፃን ተጠምቆ የሚቆርበው ምንም ሳይቀምስ ነው፤ ስለዚህ ነገ ኮከብ ትጾማለች፤ ቅዳሴው አልቆ እስክትቆርብ ጡት አይነካትም። ራሒማ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደ ትልቅ አደራ አዳመጠቻት። «ትጾማለች?» አለች። «በዚህ ዕድሜዋ፣ እናቴን! እሺ። አታስቢ፤ ለኔ ተይው።»

አሰጋሽ አሁን ከአልጋዋ ወርዳ ልጂቱን አነሣች፤ ልብስ ልታለብሳት። ከምሽት ጀምሮ ያልጠባች ልጅ በዚህ ሰዓት ግቢውን በልቅሶ ማናወጥ ነበረባት። ኮከብ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗን ገልጣ የኒሙን ዛፍ ታያለች፤ እግሯን በደስታ ትራገጣለች፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አሰጋሽ ጎንበስ ብላ አየቻት። ከከንፈሯ ጥግ እስከ አንገቷ እጥፋት አንዲት የደረቀች ነጭ መስመር ወርዳለች። አሸተተቻት፤ ወተት ነው። ያለምወርቅ በዚያው ቅጽበት ከጀርባዋ መጣችና በትከሻዋ ላይ ተመለከተች። አሰጋሽ መስመሯን በአውራ ጣቷ ጠረገቻት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ጾመኛ!» አለች ያለምወርቅ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ፊቷ ፈክቶ። «አየሻት አይደል፣ እንዴት እንደ ታገሠች? ደሟ ነው የሚናገረው። የክርስቲያን ደም!»

አሰጋሽ ራሒማን በዓይኗ ፈለገቻት። ራሒማ ያዕቁብን በጀርባዋ አዝላ፣ ንጹሕ ቶቧን ተከናንባ ለመንገድ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ምንም ያጠፋ ሰው አትመስልም። ሌላም ነገር ነበር። ረመዳኑን ሙሉ በየማለዳው፣ ጾመኛ ጎረቤት እንዳያያት ከመጋረጃ በስተኋላ ሻይና ቂጣ የምትቀምሰው ሴት፣ ዛሬ ምድጃዋን አልለኮሰችም። አሰጋሽ ይህንንም አየች፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልገባትም፤ ያለምወርቅ ባለችበትም መጠየቅ አልቻለችም።

መንገዱ ጭቃ ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲርስ ሰው አይለቅም፤ ጫማን ይነጥቃል፣ የአህያ ጋሪ ይይዛል፣ አጭሩን ሰው በእግሩ እየተለጠፈ ረጅም ያደርገዋል። ያን ቀን ግን የሚራገም አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ አቧራ የበላ ከተማ ጭቃውን እንደ አዲስ ልብስ ለብሶት ይሄዳል፤ የቡና ቤቱ ባለቤት ደጁ ላይ ቆሞ የረጠበ እግሩን ለሚያልፍ ሁሉ ያሳያል፤ ሁለት ሽማግሌዎች የሰሊጥ ዘር ዋጋ መናሩን እንደ ምሥራች ይነጋገራሉ፤ ዘር የሚገዛ ሰው ተገኘ ማለት ነውና። አንዳርጌ ነጠላውን በመስቀልያ አጣፍቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ከፊት ይሄዳል። ያለምወርቅ ከኋላው፣ አሰጋሽ ከያለምወርቅ ኋላ፣ ራሒማ ከሁሉም በኋላ። አሰጋሽ ልጂቱን አቅፋ ስትራመድ ልቧ ሁለት ነገር ይነግራታል። ዝም ብትዪ ማን ያውቃል? ራሒማና አንቺ ብቻ። ደግሞ መልሶ ይላታል፤ የሰጪውን ዓይን አታልለሽ የተቀበልሽው ቁርባን ለልጂቱ ምን ይሆናታል? ብትናገር አባ ይመልሷታል፤ ነገ የሉም። ብትናገር ራሒማ ለዘለዓለም የያለምወርቅ አፍ ማሟሻ ትሆናለች። ከዶካ ወዲያ ያለው ያ ሜዳ፣ ያ የቆርቆሮ ክዳን በዓይኗ ላይ ሄደባት። ኮከብ ክንዷ ላይ ሆና በምቾት አዛጋች።

ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ክዳን፣ የማሽላ አገዳ አጥር ነው። ራሒማ አጥሩ ጋ ስትደርስ ራሷ ቆመች፤ ማንም ሳይነግራት ከውጭ ካለው ኒም ሥር ተቀመጠች። አባ ወልደ ማርያም ከደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከካባቸው ሥር በእርዳታ የመጣ ወፍራም የሱፍ ኮት ለብሰዋል፤ በዚያ ሙቀት አያወልቁትም፤ ለምን ሲባሉ ሌላ ኪስ የለኝም ይላሉ። ከአጠገባቸው ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሙዘይን ያመጣው ውኃ ተገልብጦበት። አሰጋሽ ሰማንያ ቀን ሙሉ ያልረገጠችው ደጃፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

«አባ፣ ከመግባታችን በፊት። ልጂቱ ጠብታለች።»

«መቼ?»

«ሌሊት። አላየሁም። ሲነጋ አፏ ላይ አገኘሁት።»

ያለምወርቅ ዞረች። መጀመሪያ አሰጋሽን፣ ከዚያ ከአጥሩ ባሻገር ያለችውን ራሒማን አየች።

«ይኸው! አላልኩም? አላልኩም እናንተ ሰዎች? አንድ ሌሊት፣ አንዲት ሌሊት ብቻ ታገሺ ቢሏት! ሆን ብላ ነው!»

«እታለም፣ ቀስ በይ» አለች አሰጋሽ።

«ቀስ አልልም! ቀስ ያልን ለታ ምን እንዳገኘን ታውቂያለሽ!»

ከዶካ መንገድ ወዲህ ይህ ነገር በአፍ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነው። አንዳርጌ በእጁ ወደያዘው ጫማ አቀረቀረ። አሰጋሽ የባሏን እኅት ፊት አየች፤ ቁጣ ያለበት ፊት አልነበረም። የፈራ ሰው ፊት ነበር።

አባ ከደጁ ወርደው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ወደ አጥሩ ሄዱ። ተከተሏቸው። ራሒማ ስታያቸው ብድግ አለች።

«እንዴት አደሩ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጂቱን ሌሊት አጥብተሻታል?»

«አዎን» አለች ራሒማ። «ሱሑር ነዋ።»

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«ሱሑር! ትጾማለች ብላችሁኝ የለም እንዴ? የሚጾም ሰው ጎሕ ሳይቀድ ሱሑሩን ሳይበላ እንዴት ይውላል? እኔማ እንቅልፍ ጥሎኝ ረስቼው ነበር፤ ጀማሉ ነው ያስታወሰኝ። ገንፎውን ሳቀርብለት እጁን ሰብስቦ፣ "ቢንቲስ? ነገ ጾመኛ ናት አላልሽም? ተኝታ ልታልፋት ነው?" አለኝ። ሄጄ ቀሰቀስኳት። እንቅልፏ ነበር፣ አንጀቴን በላችው፤ ግን ሁለቱንም ጡት አጠባኋት። አዛን ሲል በጨለማው አፏን ጠርጌ እናቷ ጎን መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ዋላሂ ጠብታ አልነካችም።» ቆም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ዛሬ ይዣለሁ። ሕፃን እየጾመች ሻይ ልጠጣ?»

በመጀመሪያ የተነቃነቀው የአባ ወልደ ማርያም ጢም ነው፤ ከዚያ የኮታቸው ትከሻ፤ ከዚያ ሳቃቸው ከአጥሩ ላይ ርግቦችን አስነሣ። አንዳርጌም ተከተላቸው። ሰማንያ ቀን የሞላት ልጅ ለሱሑር ተቀስቅሳ!

አባ ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ፊታቸው ተመለሰ።

«ሕጉ ሕግ ነው፤ አልስቅበትም። ለአዋቂ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ነው። ለሕፃን አቅሟ ይታያል። አዛኑ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?»

«ዐሥር ሰዓት ግድም» አለ አንዳርጌ።

«ስትቆርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አራት ሰዓት ተኩል። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ዕድሜ፣ ይበቃታል። ከአዛን ወዲህ ጠብታ ቢሆን ኖሮ ወደ ቤታችሁ እመልሳችሁ ነበር።» ወደ አሰጋሽ ዞሩ። «ደብቀሽኝ ቢሆን ደግሞ አንቺን ነበር የምመልሰው።»

«አባ፣ በአዛን ነው እንዴ የኛ ጾም የሚቆጠረው?» አለች ያለምወርቅ።

«ዐሥር ሰዓት ዐሥር ሰዓት ነው ልጄ፤ ዶሮ ቢጮኽም አዛን ቢልም።»

«የእስላም ወተት በሆዷ ይዛስ?»

አባ ወደ ሳፋው በእጃቸው አመለከቱ።

«ያን ውኃ ማን አመጣው?»

«ሙዘይን።»

«ስንት ከፈልሽው?»

«አርባ ቅርሽ።»

«ተከራከርሽው?»

«እንዴታ!»

«ስለ ዋጋው ተከራከርሽ፤ የእስላም ውኃ ነው ብለሽ ግን አልመለስሽውም። ደግም አደረግሽ። ጸሎቱ ሲደርስበት ዮርዳኖስ ይሆናል ብለሽ ታምኛለሽ፤ እኔም አምናለሁ። ይህን የሚያህል ነገር ካመንሽ፣ የአንዲት ሴት ወተት ምን አስፈራሽ?»

ያለምወርቅ እንደ ልማዷ ሙዘይንን በዓይኗ ፈለገችው፤ ሙዘይን ግን ጋሪው ጭቃ ይዞበት ከመንገዱ ማዶ ከአህያው ጋር ይሟገታል። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ አሰጋሽ ዘረጋች።

«ስጪኝ። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ።»

ኮከብ ውኃው ሲነካት የሰማንያ ቀን ልቅሶ አለቀሰች። አባ ሦስት ጊዜ ሲነክሯት ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ በሦስተኛው ደግሞ የሱፉን ኮት ኪስ አረጠበችው፤ አባ «ሌላ ኪስ የለኝም ስል!» አሉና ቀጠሉ። ወለተ ሐና ተባለች። ከውኃው የተቀበለቻት ያለምወርቅ ናት፤ ማተብ አድርጋ ያሰረችላትም፣ ከመተማ ጀምሮ ከመቀነቷ ያልፈታችው፣ ለሌላ ልጅ ታስቦ የነበረው ባለ ሦስት ቀለም ክር ነው። አሰጋሽ ይህን አየች። ቅዳሴው ሲቀደስ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ትከሻቸው ይነካካል፤ አንዳቸውም አልራቁም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮከብ ቆረበች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እልል አሉ፤ ቆርቆሮው እልልታውን እጥፍ አድርጎ መለሰው።

ሕፃኗ ግን ረሃቧን አስታውሳ ነበር። ያለምወርቅ ልጂቱን ይዛ ወጣች። እንስማት ብለው እጃቸውን የዘረጉትን ሴቶች አለፈች፤ አንዳርጌን አለፈች፤ አሰጋሽን እንኳ አለፈቻት። ጭቃውን ሳትመርጥ ተሻግራ ኒሙ ሥር ደረሰች። ከራሒማ ጋር በሁለት ወር ውስጥ ቃል ለቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«በይ» አለቻት። «አስፈጥሪያት።»

ራሒማ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ከኒሙ ቅርንጫፍ በላይ ወዳለችው ፀሐይ አሻቀበች።

«ገና መች ጠለቀችና?»

«የኛ በቅዳሴ ነው የሚፈታው። ይልቅ ፍጠኚ፤ ልጃችን ራባት።»

ራሒማ ሳቋን በቶቧ ጫፍ ሸፍና ልጂቱን ተቀበለች። ኮከብ ጡቱን በአንዴ አገኘችው። ግንባሯ ላይ የተቀባችው ሜሮን ገና ያብለጨልጫል፤ ስትጠጋ ከራሒማ ገላ ላይ አረፈና ቅባቱ እዚያው ቀረ። አሰጋሽ አየችው። ያለምወርቅም አየችው፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ልትጠርገው እጇን አነሣች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ወጠረችና ከፀሐይ ሁለቱን ጋረደቻቸው። ያዕቁብ ከእናቱ ጀርባ ወርዶ የያለምወርቅን ቀሚስ በጭቃ እጁ ያዘ። አልገፋችውም።

ሙዘይን ጋሪውን አላቅቆ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ነበር። ያለምወርቅ አንገቷን ወደ እርሱ መለሰች፤ ድምፅዋንም እንደ ልማዷ ከፍ አደረገች።

«ሙዘይን! ማታ የክርስትናው ድስት ከመግሪብ በፊት አይወጣም! ሽሮና ምስር ነው፤ ሥጋ የለበትም፤ ጀማሉም ሚስቱም የሚበሉት ነው። አንዳርጌ ራበኝ ቢል እንዲጾም ንገረው፤ ልጁ ጾማ የለ!»

ሙዘይን ከዚህ ሁሉ መግሪብ የምትለዋን ቃል ብቻ ለየ። ጅራፉን አንሥቶ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ፣ «አይዋ፣ አይዋ» አለ።